የለበል ጥይት፣ የውጅግራ ልጅ

ውጅግራ የሚለውን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። በፉከራና በቀረርቶ ይጠራል፤ ሽማግሎች ስለ ጥንት ጦርነት ሲያወጉ ይነሣል። ዳሩ ግን ስሙ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፉዚ» ይሉታል፤ ጠመንጃውን ያወጣው መኰንን ደግሞ ባዚል ግራ ይባላል። «ፉዚ ግራ» የሚለው ቃል በባላገሩ አፍ ሲመላለስ ውሎ አድሮ ውጅግራ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናወጋው ስለ ውጅግራ ራሱ ሳይሆን ስለ ልጁ ነው። ልጁ የ8 ሚሊሜትሩ የለበል ጥይት ነው። ይህ ጥይት ጭስ የሌለው ባሩድ የተሞላበት የመጀመሪያው የጦር ሠራዊት ጥይት በመሆኑ የዓለምን ጠመንጃ ሁሉ በአንድ ጊዜ አሮጌ አደረገው። ኋላም ሹል አፍንጫና ሾጠጥ ያለ ጅራት ያለው አረር በመያዝ ከሌሎች ሁሉ ቀደመ። ነገር ግን በጥቂት ወራት ጥድፊያ የተወለደ ስለ ሆነ ያባቱን ሰፊ ወገብ ይዞ ወጣ። ያም ወገብ ፈረንሳዮችን ከ40 ዓመት በላይ ሲያስቸግራቸው ኖረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ያባቶች ተረት በብረትና በባሩድም እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ታሪክ እናያለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የኛ ነው ካላልን በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አራቱ የጥይት ክፍሎች

ጥይት ስንል በልማድ አንድ ነገር የምንጠራ ይመስለናል። ጥይት ግን አራት ነገር ነው። አንደኛው ከነሐስ የሚሠራው ቀለህ ነው። ሁለተኛው በቀለሁ ቂጥ ላይ የምትሰካው ትንሽ ቆብ፣ ካፕሱል የምትባለው፣ ስትመታ እሳት የምትጭረው ናት። ሦስተኛው በቀለሁ ሆድ ውስጥ ያለው ባሩድ ነው። አራተኛው በቀለሁ አፍ ላይ ተወትፎ የተቀመጠው፣ ባሩዱ ሲነድ በአፈሙዙ በኩል ወጥቶ የሚሄደው አረር ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ አረሩ ብቻ ነው፤ የሚገድለው እሱ ነውና። መሐንዲሶች ግን ከአራቱ አንዱን ሲነኩ ሦስቱም እንደሚናወጡ ያውቃሉ።

የውጅግራ ጥይት በ1874 የወጣ ነው። ከሱ በፊት የነበረው የፈረንሳዮች ጠመንጃ የወረቀት ጥይት ይጎርስ ስለ ነበረ፣ እርጥበት ሲነካው ይበላሽ፣ እሳቱም ወደ ኋላ ያመልጥ ነበር። ግራ ይህን በነሐስ ቀለህ ተካው። የአረሩ ስፋት 11 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 25 ግራም፣ ሥሪቱ እርሳስ ነው። ከ5 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ጥቁር ባሩድ ይነድድና አረሩን በሰኮንድ 450 ሜትር ያህል ያስወነጭፈዋል። ለዘመኑ ግሩም መሣሪያ ነበር።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር በዓድዋ በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ልዩ ልዩ ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ውጅግራ ነበረ። የሚገርመው፣ ኢጣልያ በ1891 ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩስ አዲስ የ6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ አውጥታ ሳለ፣ ወደ ዓድዋ ከዘመቱት ወታደሮቿ ለብዙዎቹ ያስያዘቻቸው አሮጌውን ቬተርሊ የተባለውን ጠመንጃ ነው፤ ያረጀው ጥይት ከመጋዘን እንዲያልቅ ተብሎ። ስለዚህ በዚያ ቀን በሁለቱም ወገን አብዛኛው ጠመንጃ የሚተፋው ጥቁር ባሩድ ነበር።

ጥቁሩ ባሩድ

ጥቁር ባሩድ ሦስት ነገር ተፈጭቶ የሚቀላቀልበት ነው። ከመቶው 75 እጅ ሳልፒተር የሚባለው ጨው፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። አረሩን የሚገፋው ባሩዱ ሲነድ የሚወጣው ትኩስ አየር ነው፤ ከጥቁር ባሩድ ግን ወደ አየር የሚለወጠው ከግማሽ በታች ነው። የቀረው ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ በተኳሹ ፊት ይጋረዳል፤ ከፊሉ ጥቀርሻ ሆኖ በአፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል።

የዚህ ጉዳት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥቂት ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ወታደሩ ጠላቱን አያይም፤ ጠላቱ ግን ጭሱን አይቶ የት እንዳለ ያውቃል። ሁለተኛ፣ አፈሙዙ በጥቀርሻ ይጠብና አረሩ መንገዱን ይስታል። የአፈሙዙን ስፋት አጥብቦ አረሩን ማፍጠን ቢፈለግም ጥቀርሻው አይፈቅድም፤ ጠባብ አፈሙዝ ቶሎ ይታፈናልና። እንግዲህ ጠመንጃ ሠሪዎች በሰኮንድ 450 ሜትር ገደማ ላይ ቆመው ቀሩ። ባሩዱ ካልተለወጠ በቀር የሚያልፉበት በር አልነበረም።

ጥጥ ባሩድ ሲሆን

በሩን የከፈተው ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ነገሩ ግን ከሱ ይቀድማል። በ1846 ሾንባይን የተባለ ሊቅ ጥጥን በናይትሪክ አሲድና በሰልፈሪክ አሲድ ቢነክረው፣ ሲደርቅ መልኩ ጥጥ፣ ጠባዩ ግን መብረቅ የሆነ ነገር አገኘ። ሲነድ ጭስ የለውም፤ ኃይሉም ከጥቁር ባሩድ እጅግ ይበልጣል። በዓለም ያሉ መንግሥታት ሁሉ ተሻሙበት። ግን ማን ይያዘው! በ1847 በእንግሊዝ አገር ፋቨርሻም በተባለ ስፍራ የሚሠራበት ፋብሪካ ፈንድቶ ወደ 20 የሚጠጉ ሠራተኞች ሞቱ። በጠመንጃ ውስጥም ሲሞክሩት በአንድ ጊዜ ቦግ ስለሚል አረሩን ከመግፋት ይልቅ ጠመንጃውን ይሰነጥቀው ነበር።

ቪዬይ ያየው ምሥጢር ይህ ነው። ጥፋቱ በጥጡ ኃይል ሳይሆን በመልኩ ነው። ጭድና የወይራ ፍልጥ ሁለቱም ይነዳሉ፤ ጭድ ግን እሳቱ በየሰበዙ መካከል ስለሚገባ ባንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ የወይራ ፍልጥ ደግሞ ከላዩ ወደ ውስጥ እየተበላ ይቆያል። ስለዚህ ቪዬይ በ1884 ያን ጥጥ በኤተርና በአልኮል አሟሙቶ እንደ ሊጥ አደረገው፤ ሊጡንም ዳምጦ እንደ ወረቀት አሳሳው፤ ከዚያም በትናንሹ ቆራርጦ አደረቀው። እንግዲህ እሳቱ የሚበላው ከላይ ከላዩን ብቻ ሆነ። የቁራጮቹን ውፍረት በመለወጥ ባሩዱ ቶሎ ወይም ዘግይቶ እንዲነድ ማድረግ ተቻለ። አረሩ ባንድ ምት መመታቱ ቀርቶ በአፈሙዙ ርዝመት ሁሉ እየተገፋ የሚሄድ ሆነ።

ፈረንሳዮች ይህን «ባሩድ ቤ» አሉት፤ «ብላንሽ» ማለት በቋንቋቸው ነጭ ማለት ነውና። በክብደት ሲመዘን ኃይሉ የጥቁሩን ባሩድ 3 እጥፍ ያህል ነበር። ጭሱ እምብዛም አይታይም፤ ጥቀርሻውም ጥቂት ነው። ጠባብ አፈሙዝና ፈጣን አረር የሚባለው ሕልም ያን ዕለት እውነት ሆነ።

የጥቂት ወራት ጥድፊያ

በጥር ወር 1886 ጄኔራል ቡላንዤ የፈረንሳይ የጦር ሚኒስትር ሆነ። ፈረንሳይ በ1870 እና በ1871 በፕሩስያ ድል ተመትታ አልዛስንና ከሎሬን ከፊሉን ካጣች ገና 15 ዓመቷ ነበር፤ ቍስሉ አልሻረም። ቡላንዤም አዲሱ ባሩድ በእጁ እንዳለ ባወቀ ጊዜ፣ ጀርመኖች ሳይሰሙ ጠመንጃው እንዲሠራ ፈለገ። የሰጠውም ቀን እስከዚያው ዓመት ግንቦት ነበር። ጄኔራል ትራሞን የሚመራው አንድ ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ ባለ ውጅግራው ግራም ከኮሚሲዮኑ አባሎች አንዱ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። አዲስ ባሩድ አለ። ለአዲስ ባሩድ የሚስማማ አዲስ ቀለህ፣ ለአዲሱ ቀለህ የሚስማማ አዲስ ጠመንጃ ቢሠራ መልካም ነበር። ነገር ግን አዲስ ቀለህ ማለት አዲስ ቅርጽ ማውጫ፣ አዲስ መለኪያ፣ አዲስ መሣሪያ ማለት ነው፤ ጊዜው የታለ! ስለዚህ ኮሚሲዮኑ ከሚያውቀው ከውጅግራ ቀለህ ተነሣ። የ11 ሚሊሜትሩን ቀለህ አፉን ወደ 8 ሚሊሜትር አጠበበው። የቂጡ ስፋትና ከንፈሩ ግን እንዳባቱ ሰፊ ሆኖ ቀረ። በዚህ ምክንያት የለበል ቀለህ ከታች ሰፊ፣ መካከሉ ላይ አንድ ጊዜ ሾጠጥ ያለ፣ ወደ አፉ ሲደርስ ሁለተኛ የሾጠጠ፣ በጠርሙስና በማንቆርቆሪያ መካከል ያለ ነገር ይመስላል።

አረሩን ያወጣው ሌተና ኮሎኔል ኒኮላ ለበል ነው። እርሳስ ብቻውን በዚያ ፍጥነት ቢሄድ በአፈሙዙ ውስጥ ካሉት ጠምዛዛ ቦዮች ላይ ይላጥ ነበር፤ ስለዚህ እርሳሱ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል በሆነ ልብስ ተሸፈነ። አረርን በብረት ልብስ መሸፈን ስዊሳዊው መኰንን ኤድዋርድ ሩቢን በ1882 ያሳየው ዘዴ ነው። የለበል አረር ክብደቱ 15 ግራም፣ አፍንጫውም ድፍን ነበር። ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰኮንድ ከ600 ሜትር ይበልጥ ነበር። ጠመንጃው በ1887 ለሠራዊቱ ተፈቀደ። ብዙ እጅ የገባበት ሥራ ሆኖ ሳለ ስሙ ግን የለበል ሆኖ ቀረ። ሥራ የብዙዎች፣ ስም የአንድ ሰው መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም።

ጀርመኖች ወሬውን በሰሙ ጊዜ ደነገጡ፤ እነሱም በችኮላ በ1888 የራሳቸውን ጠመንጃና ጭስ የለሽ ጥይት አወጡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በአውሮፓ ጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ዋና ጠመንጃ የያዘ ትልቅ ሠራዊት አልቀረም። ከዚያ የተጣለው አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ፣ ውጅግራው ጭምር፣ ወደ ሌሎች አገሮች ገበያ ወረደ።

ጥይት ሲበር የሚገጥመው

አሁን ለተማሪ አንባቢዎቻችን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አረር ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ ሁለት ጠላት አለው። አንደኛው የምድር ስበት፣ ሁለተኛው አየር ነው።

ብዙ ሰው አረር ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብሎ ያምናል። አይደለም። አረር ከአፈሙዙ እንደ ወጣ፣ ከእጅ እንደ ወደቀ ድንጋይ እኩል ወደ ምድር መውደቅ ይጀምራል። የወደቀበት ልክ በአየር ላይ በቆየበት ጊዜ ይወሰናል። አየርን ለጊዜው እንርሳና 300 ሜትር ርቆ ወደ ቆመ ኢላማ እንተኩስ። የውጅግራ አረር በሰኮንድ 450 ሜትር ሲሄድ 0.67 ሰኮንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ 2 ሜትር ከ18 ሳንቲም ይወርዳል። በሰኮንድ 700 ሜትር የሚሄድ አረር ግን በ0.43 ሰኮንድ ይደርሳል፤ የሚወርደውም 90 ሳንቲም ብቻ ነው። በእውነቱ አየር ስለሚያዘገያቸው ሁለቱም ከዚህ ጥቂት ይበልጥ ይወርዳሉ፤ ልዩነቱ ግን ከዚህ ይታያል።

ይህ ለወታደሩ ምን ይጠቅመዋል? ርቀትን በዓይን መገመት አስቸጋሪ ነገር ነው። 300 ሜትር ያለው ሰው 350 ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል። ዝግ ያለው አረር መንገዱ ቀስት ስለሆነ፣ ግምቱ የተሳሳተበት ተኳሽ ወይ ከራስ በላይ ይሰዳል ወይ መሬት ይመታል። ፈጣኑ አረር መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ የተኳሹን የግምት ስሕተት ይሸፍንለታል።

ኃይሉንም እንመልከት። የአረር ኃይል የሚገኘው ከክብደቱ ግማሽ ላይ ፍጥነቱን ሁለት ጊዜ በማባዛት ነው። የውጅግራው 25 ግራም በ450 ሜትር ፍጥነት 2,530 ጁል ያህል ይሆናል። 12.8 ግራም የሆነ አረር በ700 ሜትር ፍጥነት ግን 3,136 ጁል ይሆናል። ክብደቱ በግማሽ ያህል ሲቀንስ ኃይሉ ጨመረ፤ ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ ነው። ጠመንጃው ትከሻን የሚመታበት ልክ ግን በክብደትና በፍጥነት አንድ ጊዜ ብቻ በማባዛት ስለሚወሰን፣ አረሩ ብቻ ሲታሰብ ከ11.25 ወደ 8.96 ይወርዳል። ጠላትን ይበልጥ የሚመታ፣ ተኳሹን ግን የሚያሳርፍ ጥይት ማለት ነው። ደግሞም አንዱ የውጅግራ ጥይት በሙሉው ከ40 ግራም በላይ ሲመዝን የለበሉ 30 ግራም አይሞላም። በዝናር 100 ጥይት ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ የአንድ ኪሎ ግራም ዕረፍት ነው።

አረር በአየር ላይ እንዳይገለበጥ መሽከርከር አለበት። በእንዝርት የሚፈትሉ እናቶች ይህን ያውቁታል፤ እንዝርት ስትሽከረከር ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ሽክርክሪቷ ሲደክም ትዘነብላለች። የለበል አፈሙዝ ውስጥ ያሉት ቦዮች ወደ ግራ ይጠመዘዛሉ፤ በየ240 ሚሊሜትሩ አንድ ዙር ይጨርሳሉ። እንግዲህ በሰኮንድ 700 ሜትር የሚሄደው አረር በአንዱ ሰኮንድ ውስጥ ወደ 2,900 ጊዜ ይሽከረከራል ማለት ነው። እንዲህ ያለች እንዝርት የትም የለች!

ሹሉ አረር

የለበል የመጀመሪያው አረር አፍንጫው ድፍን የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የለበል ጠመንጃ ጥይቱን የሚያስቀምጠው ከአፈሙዙ በታች ባለ ቱቦ ውስጥ ነው፤ 8 ጥይት እንደ ጉንዳን ሰልፍ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይሰለፋል። የኋላኛው አረር አፍንጫ የፊተኛውን ጥይት ቂጥ፣ ያችን እሳት የምትጭረውን ካፕሱል ይነካል። አፍንጫው ሹል ቢሆንና ጠመንጃው ቢናወጥ ቱቦው በወታደሩ እጅ ላይ ሊፈነዳ ነው።

ነገር ግን ድፍን አፍንጫ የአየር ምርኮኛ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከድምፅ የሚፈጥን አረር አየሩን ገለል ለማለት ጊዜ አይሰጠውም፤ በፊቱ እየጨፈለቀ ማዕበል ይፈጥራል፤ ያም ማዕበል ኃይሉን ይበላዋል። ከኋላውም እንዲሁ ነው። ኋላው ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ውኃውን ከኋላው እያዞረ እንደሚጎትት፣ ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነ አረርም ከኋላው ባዶ ስፍራ እየተወ በአየር ይጎተታል።

ደዛሎ የተባለው ፈረንሳዊ መኰንን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መታቸው። በ1898 የወጣውና «ባል ዴ» የተባለው አረሩ አፍንጫው ሹል፣ ጅራቱም ሾጠጥ ያለ ነበር። እርሳስ የለበትም፤ ሁለንተናው ከመቶው 90 እጅ መዳብ፣ 10 እጅ ዚንክ ነው። ክብደቱ 12.8 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰኮንድ 700 ሜትር ያህል። እንዲህ ሹል አፍንጫና የሾጠጠ ጅራት አንድ ላይ ያለው አረር ለሠራዊቱ ያደለ መንግሥት ከዚያ በፊት አልነበረም። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ እስከ 2,400 ሜትር ተከፈለ፤ አረሩ ራሱ ግን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርስ ነበር።

ቱቦውስ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ያ የሚታማው ሰፊ ቀለህ አንድ ጊዜ ጠቀመ። ቀለሁ ስለሚሾጥጥ ጥይቱ በቱቦው ውስጥ ሲተኛ አፍንጫው ወደ ታች ያዘነብላል፤ ስለዚህ የፊተኛውን ጥይት መካከል ሳይሆን ከመካከሉ ዝቅ ያለውን ስፍራ ይነካል። መሐንዲሶቹ በቀለሁ ቂጥ ላይ፣ በካፕሱሉ ዙሪያ አንድ ክብ ቦይ ቆፈሩ። የሹሉ አፍንጫ ማረፊያ ያ ቦይ ሆነ። ዛሬ በሙዚየም ወይም በአሮጌ ዕቃ መካከል ቂጡ ላይ ክብ ቦይ ያለበት ሰፊ ቀለህ ያየ ሰው፣ ያ ቦይ ጌጥ እንዳልሆነ፣ የብዙ ወታደር እጅና ዓይን ያተረፈ መሆኑን ይወቅ።

የጀርመንና የአሜሪካ መልስ

ጀርመኖች በ1905 ሹል አረር አወጡ። መንገዳቸው ግን ሌላ ነበር። አረሩን 10 ግራም አድርገው አቀለሉትና ፍጥነቱን በሰኮንድ 880 ሜትር ያህል አደረሱት፤ ቂጡን ግን ጠፍጣፋ አድርገው ተዉት። አሜሪካኖችም በ1906 እንደነሱ ቀላልና ፈጣን አረር አወጡ። በቅርብ ርቀት ይህ መንገድ መልካም ነው፤ አረሩ ከፈረንሳዩ ቀድሞ ይደርሳል፣ መንገዱም ለጥ ያለ ነው። ነገር ግን ቀላል ነገር ፍጥነቱን ቶሎ ይጥላል። ላባና ጠጠር ወርውሮ ያየ ሕፃን ይህን ያውቃል። ርቀቱ እየበዛ ሲሄድ ከባዱና ጅራተ ሾጣጣው የፈረንሳይ አረር ፍጥነቱን ሳይጥል ይቀጥላል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ፍርዱን ሰጠ። መትረየስ ከሩቅ፣ ከኮረብታ ማዶ ጭምር እየተተኮሰ የጠላትን መንገድ የሚዘጋበት ጦርነት ሆነ። አሜሪካኖች ጥይታቸው እስከ 4,300 ሜትር ይደርሳል ብለው በመጽሐፋቸው ጽፈው ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በትክክል ሲለኩት ግን 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ይወድቃል። በመጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር ማንም ወጥቶ ያልለካው ግምት ነበር። ከዚያ በኋላ እነሱም ከበድ ያለና ጅራቱ የሾጠጠ አረር አወጡና ወደ 5 ኪሎ ሜትር አደረሱት። ጀርመኖችም በጦርነቱ መካከል እንዲህ ያለ ከባድ አረር አወጡ። ክብደቱስ ስንት ነበር? 12.8 ግራም! ደዛሎ በ1898 የመዘነው ክብደት እሱ ነበር።

የቀረው ዕዳ

በአረሩ ቀድመው ሳለ ፈረንሳዮች በቀለሁ ተያዙ። ሰፊ ከንፈርና የሾጠጠ ሆድ ያለው ጥይት እርስ በርሱ ሲደረደር ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ እንደ ማጭድ ይቆለመማል። በእጅ አንድ አንድ እያሉ ለሚያጎርሱት ጠመንጃ ይህ ምንም አይደለም። በራሱ ለሚጎርስ መሣሪያ ግን መከራ ነው። በአንደኛው ጦርነት ሾሻ የተባለው ቀላል መትረየስ 20 ጥይት የሚይዘው ካዝናው ግማሽ ጨረቃ መስሎ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ካዝና በጎኑ ክፍት ስለ ነበረ የምሽጉን ጭቃ ያስገባ ነበር። ጭቃ ሲገባ መሣሪያው ይነክሳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በዚያች ሰዓት በምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር ነው። በ1886 በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ለጊዜው በዚህ ይሁን» ያሉት ሰዎች እዚያ አልነበሩም።

ፈረንሳዮች ከዚህ ቀለህ የተላቀቁት በ1924 አዲስ የ7.5 ሚሊሜትር ጥይት ባወጡ ጊዜ ነው፤ እሱም በ1929 ታርሞ ተቃና። ይሁን እንጂ በመጋዘን የተከማቸው ጠመንጃና ጥይት ስፍር ቁጥር ስላልነበረው ለበል ቶሎ አልሞተም። በ1932 እንኳ ለመትረየስ የሚሆን ከባድ አረር ወጣለት፤ በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲወሩ በብዙ የፈረንሳይ ወታደር እጅ የተገኘው ይኸው ለበል ነበር።

ባሩዱም ሌላ ዕዳ ነበረበት። በአሲድ የተሠራ ጥጥ ቢደርቅም ከጊዜ ብዛት በራሱ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይነዳል። ይህ በመጀመሪያው ዘመን በቂ ጥንቃቄ አልተደረገለትም። በ1907 ኢዬና የተባለች የጦር መርከብ በቱሎን ወደብ ፈንድታ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በ1911 በዚያው በቱሎን ሊቤርቴ የተባለችው ፈነዳችና ከ200 የሚበልጡ አለቁ። ለሁለቱም ምክንያት የተባለው በመርከቦቹ ጎተራ የተከማቸው አሮጌ ባሩድ ቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዲፌኒላሚን የሚባል ቅመም ከባሩዱ ጋር ይደባለቅ ጀመር፤ ቅመሙ የሚበሰብሰውን ባሩድ ትፋት ይጠጣለታል፣ ዕድሜውንም ያረዝምለታል። ጎተራን መክፈት፣ ማየት፣ ቀኑን መጻፍ፣ ያረጀውን መለየት እንደ ተራ የጸሓፊ ሥራ የሚቆጠር ነው። ዳሩ ግን የነዚያ መርከበኞች ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህ ሥራ ላይ ነበር።

ለኛም የሚነግረን

ለበል ውጅግራን ተከትሎ ወደ አገራችን ገብቷል። በ1928 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ፋሺስት ኢጣልያ ስትወረን፣ ከዘማቹ ብዙው የያዘው ካባቱ የወረሰውን ልዩ ልዩ አሮጌ ጠመንጃ ነበር፤ አንዱ ውጅግራ፣ አንዱ ለበል፣ አንዱ ምንሽር። ጀግንነቱን ታሪክ ይመሰክራል። ግን አንድ ነገር እናስብ። የውጅግራ ጥይት ለለበል አይሆንም፤ የለበልም ለምንሽር አይሆንም። ዝናሩ የተራቆተ ሰው ሙሉ ዝናር ካለው ጓዱ አጠገብ ቆሞ አንዲት ጥይት መበደር አይችልም። በዚያች ሰዓት የሚሊሜትር ነገር የሊቃውንት ጨዋታ መሆኑ ይቀርና የሞትና የሕይወት ነገር ይሆናል።

በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የምታዘዋውሩ ወጣት አንባቢዎቻችን ይህን ታሪክ ከባሩድ ውጭም ታውቁት ይሆናል። «ለጊዜው» ተብሎ የተቆረጠ ነገር ሁሉ መለኪያው ይሠራለታል፣ መጋዘኑ ይሞላለታል፣ ሰው ይለምደዋል፤ ኋላ ማን ይነቅለዋል? ቡላንዤ ጠመንጃውን አገኘ፤ ጀርመንንም በ2 ዓመት ቀደመ። የቀደመበት ጊዜ 2 ዓመት፣ የከፈለበት ጊዜ ግን ከ40 ዓመት በላይ ሆነ። ይህን ንግድ ትርፍ ነው ወይስ ኪሣራ የሚለውን እኛ አንፈርድም፤ በችኮላው ጊዜ ጀርመን ብትመጣ ኖሮ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበርና።

ለተማሪዎች የምንተወው ጥያቄ ይህ ነው። በሰኮንድ 700 ሜትር የሚሄድ አረር 300 ሜትር ሲሄድ 90 ሳንቲም ይወርዳል ብለናል። አየርን ትተን፣ 600 ሜትር ሲሄድ ስንት ይወርዳል? ርቀቱ እጥፍ ስለ ሆነ ውድቀቱም እጥፍ ነው የምትሉ፣ ጠመንጃ ከማንሣታችሁ በፊት እርሳስ አንሡ። መልሱን በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።